ጋንዲ በሎንዶን ተማሪ ሳሉ

ማህተማ ጋንዲ ሲባል ሁላችንም በዓይነ ኅሊናችን የምናየው አንድ መልክ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ያገለደሙ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ከሲታ ሽማግሌ። ዛሬ የምንተርከው ግን ስለ ሽማግሌው አይደለም። ገና 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከአገሩ ወጥቶ፣ በዚያ ዘመን ከዓለም ከተሞች ሁሉ ትልቅ በነበረችው በሎንዶን፣ አንዲት ተጨማሪ ቁራሽ ዳቦ መጠየቅ አፍሮ በረኀብ ስለ ከረመ ተማሪ ነው።

ጋንዲን የሚያህል ሰው አንቱ ተብሎ መጠራት እንደሚገባው እናውቃለን። ይሁን እንጂ ስለ ልጅነታቸው በምንናገርበት ስፍራ እሱ እያልን እንድንቀጥል አንባቢዎቻችን ይፍቀዱልን። ዓመታቱንም የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ ባሕር ዳርቻ በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ በፖርባንዳር፣ ኋላም በራጅኮት፣ ለአገሩ ባላባት ዋና ሹም ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ በ1885 ሞቱ። ልጁን በአገሩ ልማድ ገና በ13 ዓመቱ ድረውት ነበር። በ1887 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና አልፎ ብሃቭናጋር በሚገኝ ኮሌጅ ገባ፤ ነገር ግን መምህራኑ የሚናገሩት አልገባ ብሎት አንድ የትምህርት ዘመን እንኳ ሳይሞላው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ የቤተ ሰቡ ወዳጅ፣ የተማሩ ሽማግሌ፣ ምክር ይዘው የመጡት። ልጁ በአገር ቤት ዲግሪ ለማግኘት አራትና አምስት ዓመት ቢደክም የሚያገኘው ትንሽ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ሎንዶን ቢሄድ ግን በሦስት ዓመት ባሪስተር ሆኖ ይመለሳል፣ የአባቱንም ሹመት ለመያዝ ይበቃል አሉ። ምክሩ ለብዙ አንባቢዎቻችን እንግዳ እንደማይሆን እናምናለን። አንድ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ሻንጣው ውስጥ የቤተ ሰብ ሁሉ ተስፋ አብሮ ይታሰራል።

ገንዘቡን ለማውጣት ታላቅ ወንድሙ ቃል ገባ። እናቱ ግን ፈሩ። ፑትሊባይ ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ ሴት ነበሩ፤ ሎንዶን የሄዱ ልጆች ሥጋ ይበላሉ፣ ይሰክራሉ፣ ምግባራቸው ይበላሻል የሚል ወሬም ሰምተዋል። በመጨረሻም ቤተ ሰቡ የሚያከብራቸው አንድ መነኩሴ ነገሩን አስታረቁት። ልጁ ሥጋ እንዳይበላ፣ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ ሴት እንዳይነካ በፊታቸው ማለ። እናቲቱም መርቀው ለቀቁት።

ቦምቤ ሲደርስ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ጠበቀው። የወገኑ ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብስበው ባሕር መሻገር በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው አሉት። በሰው ፊት መናገር የሚያፍር ልጅ ቢሆንም በዚያ ቀን ከአሳቡ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ከወገኑ አውግዘው ለዩት፤ የሚረዳውም ሆነ ወደብ ድረስ የሚሸኘው ሰው ቢገኝ አንድ ሩፒና አራት አና ይቀጣ ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 በመርከብ ሲሳፈር የእናቱን መሐላ፣ የወንድሙን ገንዘብና የሽማግሌዎቹን ውግዘት ተሸክሞ ነው። ሚስቱ ካስቱርባ የጥቂት ወራት ሕፃን ታቅፋ ራጅኮት ቀረች። የሎንዶኑ ታሪክ በተነገረ ቁጥር እርስዋ መረሳትዋ አይቀርም።

በመርከቡ ላይ ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ አይወጣም ነበር። እንግሊዝኛ ሲያናግሩት መልሱን በልቡ አሰናድቶ እስኪጨርስ ጠያቂው ይሄድበታል። በሹካና በቢላዋ መብላት አያውቅም፤ ከቀረበው ምግብ ውስጥ ሥጋ የሌለበት የትኛው እንደሆነ መጠየቅም ያፍራል። ስለዚህ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጣፋጭና ፍራፍሬ ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ ይበላ ነበር።

ከመርከብ ሲወርድ ለመልካም ቀን ያኖረውን ነጭ የፍላኔል ልብስ ለበሰ። ወራቱ ግን ብርድ የገባበት ነበርና ከወረደው ሰው ሁሉ ነጭ የለበሰው እሱ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሻንጣውን ከነቁልፉ ለዕቃ አመላላሽ ሠራተኛ አስረክቦ ነበር፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በማግሥቱ እሑድ ሁሉ ዝግ ነው። ስለሆነም የሎንዶንን የመጀመሪያ ቀኖች በዚያ ልብስ እንዳፈረ አሳለፋቸው። ባረፈበት በቪክቶሪያ ሆቴል አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ ትንሽ የሚቀመጡባት መስላው ነበር፤ ለካስ አሳንሰር ኖራ ወደ ላይኛው ፎቅ ይዛው ወጣች።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ፕራንጂቫን ሜህታ የሚባሉ ያገሩ ሰው ሊጠይቁት መጡ። ወጣቱ ከእንግዳው ጋር ሲጫወት ረጅሙን የሐር ባርኔጣቸውን አንሥቶ ልስላሴውን ለማየት በእጁ ደባበሰው፤ የደባበሰውም ወደ ኋላ ስለነበረ ጸጉሩ ተንጨባረረ። ዶክተር ሜህታ ቆጣ ብለው ባርኔጣቸውን ወሰዱ፤ ከዚያም የከተማውን ሥርዓት ያስተምሩት ጀመር። የሰውን ዕቃ አትንካ፤ ገና የተዋወቅኸውን ሰው በጥያቄ አታጣድፍ፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አትናገር፤ ያገኘኸውንም ሁሉ ሰር አትበል፣ እንዲህ የሚለው አሽከር ለጌታው ነው አሉት። ሰውን በማክበር ላደገ ልጅ ይህ የመጨረሻው ምክር ሳይከብደው አልቀረም ብለን እንገምታለን። ዋናው ምክራቸው ግን ከሆቴል ወጥቶ ከቤተ ሰብ ጋር እንዲኖር ነበር። የሆቴሉ ሒሳብ ሦስት ፓውንድ ሆኖ ሲመጣ ልጁ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ከፍሎ ምግቡን አልለመደውምና የበላው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

በኪራይ ቤት ከገባ በኋላ ሌሊት ሌሊት ያለቅስ ነበር። የእናቱ ፍቅር ትዝ እያለው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ለማንም ሊነግረው አይችልም። ሰዉ እንግዳ ነው፤ ቋንቋው፣ ቤቱ፣ አነጋገሩ ሁሉ እንግዳ ነው። መመለስ ግን የማይታሰብ ነገር ሆነበት፤ ሦስቱን ዓመት ለመጨረስ ቆርጦ ነበርና። ከትውልድ ቀዬው ርቆ የተማረ ሁሉ ይህን ሌሊት ያውቀዋል።

ከሁሉም የከፋው የምግብ ጉዳይ ነው። በዌስት ኬንሲንግተን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ቤት ተከራየ። ጧት የአጃ ገንፎ ይሰጡታል፤ ይህ ሆድ ይይዛል። ምሳና ራት ግን ቆስጣ፣ ዳቦና ማርማላታ ነበረ፤ ዳቦውም ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራሽ አያልፍም። ልጁ በላተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጨምሩልኝ ማለት ነውር መስሎት ዝም ይላል። የሴትዮዋ ሁለት ሴቶች ልጆች አንዳንድ ጊዜ ሁኔታውን አይተው አንድ ሁለት ቁራሽ ይጨምሩለት ነበር። እኒህ ልጃገረዶች ለአንድ ርቦት ለነበረ እንግዳ ያደረጉትን ደግነት እኛም ሳናነሣው አናልፍም።

አንድ ያገሩ ልጅ የሆነ ወዳጁ ደግሞ ሥጋ እንዲበላ ቀን ከሌት ይጨቀጭቀው ነበር። ማንበብ በማትችል እናት ፊት፣ የዚህን አገር ብርድ ሳያውቁ የተማለ መሐላ ምን ዋጋ አለው ይለዋል። አንድ ቀን እንዲያውም የታወቀ የፍልስፍና መጽሐፍ ገልጦ ያነብለት ጀመር። ልጁ መጽሐፉ እንደከበደው፣ ሥጋ መብላት አስፈላጊ ነው ቢባል እንኳ መሐላውን ማፍረስ እንደማይችል በትሕትና ነገረው። በዐቢይ ጾም ወራት በውጭ አገር ትምህርት ቤት ገበታ ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካለ፣ ይህ ክርክር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ሎንዶን ውስጥ ሥጋ የማይቀርብባቸው ምግብ ቤቶች እንዳሉ አከራዩ ነግረውት ነበርና ፍለጋ ወጣ። በቀን ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በእግሩ እየሄደ፣ በመንገዱ ርካሽ ምግብ ቤት ገብቶ ዳቦ ብቻ ጠግቦ እየበላ ይመለስ ነበር። እንዲህ ሲዞር አንድ ቀን ፋሪንግደን ስትሪት በሚባለው ጎዳና የሚፈልገውን አገኘ። በመስኮቱ ከተደረደሩት መጻሕፍት ውስጥ ሄንሪ ሶልት የተባሉ ሰው ሥጋ ስላለመብላት የጻፉትን በአንድ ሽልንግ ገዛ፤ ከዚያም ገብቶ ከአገሩ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን የጥጋብ ምግብ በላ። መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አነበበው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥጋን የተወው ለእናቱ ስለማለ ነበረ፤ ልቡ ግን አንድ ቀን በነፃነት ለመብላት ይመኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ አሳቡ አምኖበት ተወው። በእኛ አስተያየት ጋንዲ ሎንዶን ገባ መባል ያለበት በዚህ ቀን ነው እንጂ ከመርከብ በወረደበት ቀን አይደለም።

ወዳጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ቴያትር ሊያሳየው ወስዶ በፊት ሆልበርን በሚባለው ትልቅ ምግብ ቤት ራት ጋበዘው። ሾርባ ቀረበ። ልጁ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ አሳላፊውን ሲጠራ ወዳጁ ተቆጣ፤ በሥርዓት መቀመጥ ካልቻልህ ውጣና ውጭ ጠብቀኝ አለው። እሱም ደስ ብሎት ወጣ። ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት በአቅራቢያው ነበረ፤ ሆኖም ተዘግቶ ነበርና ጦሙን ቴያትር አየ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ለወጣቶች አንባቢዎቻችን ሳያስቃቸው አይቀርም። ሥጋ ባለመብላት ወዳጁን ካሳዘንሁት በሌላው ነገር ሁሉ ፍጹም እንግሊዛዊ ጨዋ ሆኜ ልካሰው ብሎ ተነሣ። በቦምቤ የተሰፋው ልብስ አይመጥንም ብሎ ሌላ ገዛ። ለረጅም ባርኔጣ 19 ሽልንግ አወጣ። በቦንድ ስትሪት፣ የሀብታሞች ልብስ በሚሰፋበት ጎዳና፣ ለማታ ልብስ 10 ፓውንድ ከፈለ። ወንድሙን ጽፎ ባለ ሁለት ዘርፍ የወርቅ የሰዓት ሰንሰለት አስላከ። በየቀኑ ከትልቅ መስታወት ፊት ቆሞ ክራባቱን ለማስተካከልና ጸጉሩን ለመክፈል 10 ደቂቃ ያህል ያጠፋ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ ለዳንስ ትምህርት ሦስት ፓውንድ፣ ለቫዮሊን ሦስት ፓውንድ፣ ንግግር ለሚያስተምር ሰው ደግሞ አንድ ጊኒ ከፈለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል ዳንስ ቢማርም እግሩ ከፒያኖው ጋር አልስማማ አለው። ጆሮው ዜማ እንዲለምድ ቫዮሊን የጀመረውም ለዚሁ ነበር።

ጋንዲ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይህን ዘመን ሲያስታውሱ በአገራቸው የሚነገር አንድ ተረት ያነሣሉ። አንድ ባሕታዊ አይጥ ቢያስቸግረው ድመት አመጣ፤ ለድመቷ ወተት ላም አስፈለገ፤ ለላሟ ደግሞ እረኛ አስፈለገ፤ እንዲህ እያለ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ።

ይህ ሁሉ የቆየው ሦስት ወር ያህል ነው። ዕድሜዬን በእንግሊዝ አገር አልጨርስ፣ ንግግር አሳምሬ ዳንስ ብችል ለምን ይበጀኛል ብሎ አሰበ። ለንግግር አስተማሪው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዳንስ አስተማሪውም እንዲሁ። የቫዮሊን አስተማሪዋን ራሱ ሄዶ መሣሪያውን በተገኘው ዋጋ እንዲሸጡለት ለመናቸው፤ እሳቸውም አሳቡን ወደዱለት። በልብስ መጠንቀቁ ግን ለብዙ ዓመታት አልተወውም።

ጨዋ ለመሆን በሚጣጣርበት በዚያ ወራት እንኳ አንድ ልማዱን አልጣለም ነበር። ያወጣውን ገንዘብ ሁሉ፣ የአውቶቡስ ቢሆን፣ የቴምብር ቢሆን፣ ለጋዜጣ የተከፈለች ሳንቲም ብትሆን በደብተር ይጽፋል፤ ማታ ሳይተኛም ይተሳሰባል። ደብተሩም የወንድሙ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚፈስ አሳየው። ከቤተ ሰብ ጋር መኖር ማለት የሳምንት ኪራይ ከመክፈል በቀር አንዳንድ ጊዜ ባለቤቶቹን መጋበዝና አብሮ ግብዣ መሄድ ነው፤ ለሠረገላም ማውጣት ነው። ስለዚህ ራሱን ችሎ ለትምህርቱና ለሥራው በሚቀርብ ሰፈር ክፍሎች ተከራየ፤ በእግሩም መሄድ ጀመረ። በቀን ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበርና ሰውነቱ ጠነከረ፤ በሎንዶን ሳለ ከበሽታ የዳነበትን ምክንያት የሰጠውም ለዚህ መንገድ ነው። ኋላም ከሁለት ክፍል ወደ አንድ ክፍል ዝቅ አለ። ለክፍሉ የሚከፍለው በሳምንት ስምንት ሽልንግ ሆነ። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበረና የቦንድ ስትሪቱ ልብስ ዋጋ ለዚህ ክፍል የ25 ሳምንት ኪራይ ይሆን ነበር ማለት ነው። ምድጃ ገዝቶ ጧት የአጃ ገንፎና ካካዎ ራሱ ያፈላል፤ ምሳውን ውጭ ይበላል፤ ማታ ዳቦና ካካዎ ነው። በዚህ ዓይነት ለምግብ በቀን ከአንድ ሽልንግ ከሦስት ፔንስ የማይበልጥ ይበቃው ጀመር። ኋላ በመሩት የሕዝብ እንቅስቃሴ ሁሉ ዕዳ አለመኖሩን፣ እንዲያውም ትርፍ መገኘቱን ጋንዲ ሲናገሩ ምክንያቱ ይህ የሎንዶን ደብተር ነው ይላሉ። የመንግሥት ገንዘብ በእጃቸው የሚያልፍ ወጣቶች ሹማምንት ይህችን ነገር ልብ ሳይሏት አያልፉም።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አንልም። የተመዘገበው ኢነር ቴምፕል በሚባለው የጠበቆች ማኅበር ነው። በዚያ ዘመን ባሪስተር ለመሆን ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ በ12 የትምህርት ዘመኖች ውስጥ በእያንዳንዱ ቢያንስ ስድስት ጊዜ በማኅበሩ አዳራሽ ራት መብላት ግዴታ ነበር። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ይቀርባል። የማይጠጣው ሕንዳዊ ያለበት ገበታ ለሦስቱ ወይኑ ይበዛላቸዋልና ከእኛ ጋር ተቀመጥ እያሉ ይሻሙት ነበር! ፈተናው ቀላል ነው ይባል ስለነበረ ብዙዎቹ የሚያጠኑት ማስታወሻ ብቻ ነው፤ እሱ ግን መጻሕፍቱን ገዝቶ አነበበ፤ የሮማን ሕግ በላቲን አነበበ። ከዚህም ጎን የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተቀምጦ በመጀመሪያው ጊዜ በላቲን ወደቀ፤ እንደገና አጥንቶ በ1890 አለፈ።

አንድ ስሕተቱን ደግሞ ሳንደብቅ እንናገር። በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሆኖ ሚስት ማግባት ያልተለመደ ነበርና ብዙዎች የሕንድ ተማሪዎች ማግባታቸውን ይደብቁ ነበር፤ እሱም የልጅ አባት ሳለ እንደነሱ ደበቀ። በብራይተን ከተማ አንዲት አሮጊት የምግብ ዝርዝር በፈረንሳይኛ ተጽፎ ሲቸገር አይተው ረዱት፤ ከዚያ ወዲህ ሎንዶን ቤታቸው በየእሑዱ ምሳ ይጋብዙት፣ ከልጃገረዶችም ያስተዋውቁት ጀመር። የአሮጊቷ አሳብ ወዴት እንደሚያመራ በገባው ጊዜ ተጨነቀ። በመጨረሻ ማግባቱንና ወንድ ልጅ እንዳለው ገልጦ፣ መደበቁም እንደሚጸጽተው አስረድቶ ደብዳቤ ጻፈላቸው። እሳቸውም ሳይቀየሙ እንደገና ምሳ ጠሩት።

ወዳጆች ያፈራውም ሥጋ የማይበሉ ሰዎች መካከል ነው። በሚኖርበት በቤዝወተር ሰፈር የሥጋ አልባ ምግብ ክበብ አቋቁሞ ጸሐፊ ሆነ፤ በማኅበራቸው ጋዜጣም በ1891 ስለ አገሩ ምግብና ልማድ ጻፈ። ያገሩን ቅዱስ መጽሐፍ ብሃጋቫድ ጊታን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው በሎንዶን፣ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች አብረን እናንብብ ብለው ስለለመኑት፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም መሆኑ የሚያስገርም ነው። በሳንስክሪትም በጉጃራቲም አላነበብሁትም ብሎ ሲነግራቸው አፍሮ ነበር።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል እኒህን ወዳጆቹን ራት ጋበዘ። ቦታውም ያ በሾርባ ምክንያት የተባረረበት የሆልበርን ምግብ ቤት ነበረ፤ ባለቤቶቹ ሥጋ የሌለበት ራት እንዲያሰናዱ አድርጎ። ንግግር ለማድረግ ተነሣ፤ አሰናድቶት የነበረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው አላለፈም። ስለ መጡ አመስግኖ ተቀመጠ።

ጁን 10 ቀን 1891 ጠበቃ ሆነ፤ በ11 ስሙ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመዘገበ፤ በ12 በመርከብ ተሳፈረ። ቦምቤ ሲደርስ ወንድሙ ወደብ ላይ ተቀበለው፤ እናታቸው መሞታቸውንም ነገረው። የሞቱት እሱ ሎንዶን ሳለ ነበር፤ በባዕድ አገር ብቻውን እንዳያዝን ብሎ ወንድሙ ደብቆት ነው። መሐላውን እንደ ጠበቀ ሊነግራቸው ይቸኩል ለነበረ ልጅ ይህ ምን ያህል መራራ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በ1893 ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ለሚሄዱ ሕንዳውያን ተማሪዎች የሎንዶን መምሪያ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ምን ዓይነት ልብስ መያዝ እንደሚገባ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ በትንሽ ገንዘብ እንዴት መኖር እንደሚቻል ዝርዝሩ ሁሉ አለበት። በሕይወት ሳሉ ግን ጽሑፉ አልታተመም።

ሎንዶንን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት በ1931፣ ስለ ሕንድ የወደፊት አገዛዝ በተደረገው ጉባኤ ነው። ያረፉት ከታላላቅ ሆቴሎች በአንዱ ሳይሆን ድኾች በሚኖሩበት በምሥራቅ ሎንዶን፣ ኪንግስሊ ሆል በሚባል ቤት ነበረ፤ ማለዳ ማለዳም የሰፈሩን መንገድ እንደ ተማሪነታቸው ዘመን በእግራቸው ይዞሩት ነበር። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ቤተ መንግሥት ሲጠሯቸው የሄዱት በዚያው ነጭ ሸማቸው ነው። ኖቬምበር 20 ቀን ደግሞ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበር ጋብዟቸው ንግግር አደረጉ፤ በዚህ ጊዜ ቃል አላጠራቸውም። በስብሰባው ከተገኙት መካከል፣ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ በአንድ ሽልንግ የገዙት መጽሐፍ ደራሲ፣ የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ሄንሪ ሶልት ነበሩ።